የሥራዎን ዋጋ እንዴት ይቆርጣሉ? ለመራጮች፣ ለደላሎችና ለወኪል ገዢዎች

በቁም እንስሳት ገበያ የበግ ዋጋ በየሳምንቱ ክርክር ይነሳበታል። የነዳጅ፣ የመኖና የጭነት ዋጋ ሲጨምርም ሁሉም በዕለቱ ያውቃል። የመራጩ፣ የደላላው፣ የነጂውና የወኪል ገዢው ክፍያ ግን «የደንቡ» ይባልና ይታለፋል። የደንቡ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጎረቤት የሚቀበለው ነው። ጎረቤትስ ከየት አመጣው? ካለፈው ዓመት። ያለፈው ዓመት ሰው ደግሞ ካቻምና።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ በራሱ ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ጥቂት ነው። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ከበርበራ፣ ከጅቡቲ ወይም ከሀርጌሳ ስልክ ይደወላል፤ «500 በግ ምረጥልኝ፣ ሰብስበህ ጫንልኝ» ይባላል። ያን ጊዜ የሚሸጠው በግ ሳይሆን የራስ ዓይን፣ እጅ፣ ስምና ጊዜ ነው። በበጉ ዋጋ ላይ ሃምሳ ብር ላለመልቀቅ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው፣ ስለ ራሱ ሥራ ሲጠየቅ «ያው እንደምታውቀው» ብሎ ይተወዋል። ጭነቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ቃል ይነሳል።

ይህ ትምህርት ክፍያን ከሁለት ወገን ማስላትን ያሳያል፤ ለእርስዎ ከምን በታች እንደማያዋጣ፣ ለደንበኛው ደግሞ እስከ ስንት እንደሚያዋጣው። ቁጥሮቹ ሁሉ ለማስያ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። በራስዎ ገበያ ዋጋ ይተኳቸው።

የሚሸጡት ሥራ ምንድን ነው?

በዘይላና በበርበራ የሲራራ ንግድ ዘመን፣ እንግዳ ነጋዴ ወደ ሶማሌ ምድር ሲገባ «አባን» ይይዝ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በፈረንጆች 1854 ከዘይላ ተነስቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ ስለዚህ ሥርዓት በሰፊው ጽፏል። አባኑ አሳዳሪ፣ ጠባቂ፣ አስተርጓሚና ደላላ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ። ክፍያውም አንድ ላይ የተጠቀለለ ስለነበር፣ ለየትኛው ሥራ ስንት እንደተከፈለ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። የዛሬው ዲላል የዚያ ወራሽ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ሻጩን ያውቃል፣ እንስሳው የተሰረቀ አለመሆኑን ይመሰክራል፣ ያስማማል፣ ያስተረጉማል፣ ገንዘቡ እስኪደርስ በመሃል ይቆማል። ሥራው እንደ ድሮው ብዙ ነው፤ ክፍያው እንደ ድሮው አንድ ጥቅል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥቅሉን ይፍቱት። ሻጭ መፈለግ አንድ ሥራ ነው። መምረጥ ሌላ ነው። ዋጋ መቁረጥ፣ ምልክት ማድረግ፣ እስኪጫን መጠበቅና ማጠጣት፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የጉምሩክ ሰነድ ማስጨረስ፣ በጭነት ላይ መቆም፣ እያንዳንዳቸው ጊዜ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዳቸውን ሌላ ሰው ሊሠራቸው ይችላል። ከሁሉም ግን መምረጥን ለብቻው እንመልከት፤ ዋጋው ከሥራው በጣም ርቆ የቀረው እዚህ ላይ ነውና።

ለዒድ አል አድሃ የሚሄድ እንስሳ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ግመል አምስት ዓመት፣ ከብት ሁለት ዓመት፣ ፍየል አንድ ዓመት መሙላት አለበት፤ በግ በሰውነቱ ደህና ከሆነ ከስድስት ወር ጀምሮ ይፈቀዳል። አንድ ዓይኑ በግልጽ የታወረ፣ ሕመሙ የሚታይ፣ የሚያነክስ፣ መቅኒው እስኪያልቅ የከሳ እንስሳ አይሆንም። ባሕር ማዶ ያለው ተረካቢ ከዚህም አልፎ የሚጠይቀው ይኖራል። አርብቶ አደሩ የልደት ቀን አይጽፍምና ይህን ሁሉ የሚያውቀው መራጩ በጥርስ ነው። በግና ፍየል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቋሚ ጥርሶች የሚያወጡት ዓመት ከሞላቸው በኋላ እስከ ዓመት ተመንፈቅ ባለው ጊዜ ነው፤ ከብት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ። ከንፈሩን ገልጦ የወተት ጥርስን ከቋሚው መለየት ለአንድ በግ ቀላል ነው፤ በፀሐይ፣ በአቧራ፣ ሻጩ እየቸኮለ፣ ለ500 በግ ሳይደክሙ መለየት ግን ሙያ ነው። ጥሩ መራጭ እዚያው እጁን ወደ ወገቡ ሰድዶ ሥጋውን ይለካል፣ ጅራቱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ የወንዱን ቆለጥ ዳስሶ ያበጠ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጣል። የቆለጥ እብጠት አንዳንድ ጊዜ የብሩሴሎሲስ ምልክት ነው፤ በዓይን ብቻ ያየ ሰው ያልፈዋል፣ የማቆያው ላቦራቶሪ ግን ላያልፈው ይችላል።

ይህን ሥራ «ጥርስ ማየት» ብሎ የሚጠራ ሰው ዋጋውን ገና ከስሙ ጀምሮ አወረደው።

ከምን በታች አያዋጣም?

ወለሉ የሚሰላው ከኑሮ ነው። አንድ መራጭ ቤተሰቡን በዓመት በ360,000 ብር ያስተዳድራል እንበል። ለስልክ፣ ለመኪና፣ ለማደሪያ፣ ለሠራተኛ በዓመት 90,000 ብር ያወጣል። ድምሩ 450,000 ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያሰላል። ስህተቱ የሚመጣው ማካፈሉ ላይ ነው። ብዙዎች በ365 ቀን ያካፍሉና «በቀን 1,233 ብር ካገኘሁ ይበቃኛል» ይላሉ። ግን 365 ቀን የሚሠራ መራጭ የለም። ገበያ የማይቆምበት ቀን አለ፤ ከሐጅ በኋላ የሚቀዘቅዝበት ወር አለ፤ ዝናብ የሚዘጋው መንገድ፣ ለኀዘንና ለሽምግልና የሚውል ቀን አለ። ደንበኛ ፍለጋ በስልክ የሚያልፈውም ቀን ማንም አይከፍልበትም። ባለፈው ዓመት ገንዘብ የተከፈለበትን ቀን ብቻ ይቁጠሩ። 150 ቀን ሆነ እንበል። 450,000 ለ150 ሲካፈል 3,000 ብር ነው።

500 በግ መርጦ ለመጫን ዘጠኝ ቀን ከወሰደ፣ ወለሉ 27,000 ብር ነው፤ በበግ 54 ብር። በ365 ያካፈለው ሰው ለዚሁ ሥራ 11,100 ብር፣ በበግ 22 ብር፣ ይበቃኛል ብሎ ይሄዳል፤ የጎደለውን ከልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ከራሱ መንጋ እየሸጠ እንደሚሞላው ሳያውቅ። በዚህ ስሌት ውስጥ ለድርቅ ዓመት የሚቀመጥ የለም። ላለፉት ዓመታት ድርቅን ያየ የአካባቢያችን ሰው እሱን ምን ያህል እንደሚጨምር ራሱ ያውቃል።

ለደንበኛው እስከ ስንት ያዋጣዋል?

ወለሉ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ደንበኛው ስለ ቤት ኪራይዎ አያገባውም። እሱን የሚያገባው ከሥራዎ የሚያተርፈው ነው። ስለዚህ የዋጋ ንግግር ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት።

በጉ በ12,000 ብር ተገዛ እንበል። ለጭነት፣ ለመኖና ለሕክምና እስከ ወደቡ ማቆያ 1,500 ወጣ። በማቆያው በጥርስ ወይም በአካል ጉድለት ቢመለስ፣ እዚያው ባለው ገበያ 8,500 ያወጣል። የወጣው 13,500፣ የተመለሰው 8,500፤ በአንድ ውድቅ በግ 5,000 ብር ጠፋ። ተራ መራጭ ከ500 በግ 25 ይመለስበታል፤ ጎበዙ 5። ልዩነቱ 20 በግ፣ 100,000 ብር ነው።

ተራው መራጭ በበግ 40 ብር፣ ማለትም 20,000 ብር የሚያስከፍል ከሆነ፣ ጎበዙ እስከ 120,000 ብር ቢጠይቅ እንኳ ደንበኛው አይከስርም። ይህ ጣሪያው ነው፤ በበግ 240 ብር። ጣሪያውን መጠየቅ ግን ሞኝነት ነው። ደንበኛው ምንም ካልቀረለት ለምን ይለውጣል? በ54ና በ240 መካከል፣ ለምሳሌ 120 ብር ላይ ቢቆም፣ ክፍያው 60,000 ይሆናል። ደንበኛው ከተራው መራጭ ይልቅ 40,000 ብር ጨምሮ ይከፍላል፣ 100,000 ያድናል፤ 60,000 ብር በእጁ ይቀራል። እንዲህ ያለ ዋጋ ፊት ለፊት ሊነገር ይችላል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው 5 እና 25 የሚሉትን ቁጥሮች ማሳየት ከቻሉ ነው። «እኔ ጎበዝ ነኝ» ማስረጃ አይደለም። ትንሽ ደብተር ይያዙ፤ ቀን፣ ገበያ፣ ስንት ተመረጠ፣ በመንገድ ስንት ሞተ፣ በማቆያ ስንት ተመለሰ፣ በምን ምክንያት። ውጤቱን ለማወቅ ከተረካቢው ጋር ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ ብዙ መራጮች ጭነቱ ከሄደ በኋላ አይጠይቁም፣ ምክንያቱም መልሱን ይፈራሉ። ከአምስት ስድስት ትዕዛዝ በኋላ ግን ደብተሩ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። መጥፎ ውጤት ካሳየም የትኛው ላይ እንደሚሳሳቱ ይነግርዎታል።

ርካሹ ሰው ከየት ይበላል?

እዚህ ላይ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። 40 ብር የሚጠይቀው መራጭ ወለሉ ልክ እንደ ሌላው 54 ከሆነ፣ በእያንዳንዱ በግ 14 ብር እየከሰረ እንዴት ዓመት ይዘልቃል?

ገበያ የቆየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በ11,900 የገዛውን በግ በ12,000 ገዛሁ ይላል። በበግ 100 ብር፣ በ500 በግ 50,000 ብር። ከግልጽ ክፍያው 20,000 ጋር 70,000 ይሆናል። ርካሽ የተባለው መራጭ 60,000 ከጠየቀው በላይ ወሰደ፤ ከዚያም በላይ 20 በግ ትርፍ አስመለሰ።

ሰውየው ሌባ ሆኖ ላይጀምር ይችላል። መጀመሪያ ደፍሮ የሚገባውን አልጠየቀም፤ ከዚያ ልጆቹን ማብላት ነበረበት፤ ከዚያ ለመደ። ደንበኛውም «በርካሽ አሠራሁ» እያለ ይኩራራል። ለዚህ ነው ለራስ ሥራ የሚሰጥ ግምት የሥነ ልቦና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ዋጋውን በግልጽ የተናገረ ሰው የሚደብቀው ልዩነት አያስፈልገውም፤ ከሻጩ ጋር የተስማማበትን ዋጋ ደንበኛው ፊት መጥራት ይችላል። እናንተ ከፋዮችም፣ በጣም ዝቅ ያለ ክፍያ ስትሰሙ ከመደሰታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስሉ።

ሳይጠይቁ የሚቀሩት ለምንድን ነው?

ከወጣት መራጮች የሚሰማው አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ «ከፍ ካልኩ ይሄዳል።» ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ አንዳንዱ በእርግጥ ይሄዳል። ነገር ግን ከወለል በታች የሚሠራበት ደንበኛ ቢሄድ የሚጎድለው ኪሳራ ነው። ዘጠኙን ቀን በሌላ ሥራ ወይም በራሱ ሁለት ፍየል ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ሁለተኛው ዘመድነት ነው። በእኛ ንግድ ደንበኛው የአጎት ልጅ፣ የአማች ወንድም፣ የጎሳ ሽማግሌ ነው። ለእሱ ዋጋ መጥራት ነውር ይመስላል። መቀነሱ ነውር የለበትም፤ ችግሩ ሳይናገሩ መቀነሱ ነው። «ሥራው 60,000 ነው፤ ለእርስዎ 45,000 ይሁን፣ 15,000ው የዝምድና ነው» ተብሎ ሲነገር ዘመድ የተደረገለትን ያውቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ለሌላ ሰው ሲያስተዋውቅ 60,000 ብሎ ያስተዋውቃል። ዝም ብለው 45,000 ከተቀበሉ ግን ዋጋዎ 45,000 ሆነ፤ ውለታውም አልታየም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ የመራጩ ሥራ ሥራ አይመስለውም። አባቱ በነጻ አስተምሮታል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ዋጋ ያለው አይመስለውም። ለተማረ ሰው ብቻ ነው የሚከፈለው ብሎ ያስባል። ደንበኛው ግን የሚከፍለው ለተማረበት ቤት ሳይሆን ላልተመለሱት 20 በጎች ነው። በተቃራኒው ደግሞ ስሙ ስለገነነ ብቻ ዋጋ የሚሰቅል አለ። ሰውነትዎ በበግ ቁጥር አይተመንም፤ አንድ ደንበኛ 120ውን እምቢ ቢል ተዋረዱ ማለት አይደለም፣ ቢቀበልም ከጎረቤትዎ በለጡ ማለት አይደለም። የተተመነው የዘጠኝ ቀን ሥራ ነው።

ዋስትናን በሚመለከት

ዲላሉ ሻጩን አውቃለሁ፣ እንስሳው የእሱ ነው ብሎ ሲቆም ትልቅ ነገር ይሸጣል። ድንበር ላይ የተሰረቀ ግመል ይዞ መገኘት ከገንዘብ ያለፈ ጣጣ ያመጣል። ታዲያ ለዋስትናው ስንት ይጠየቅ? ብዙ የሙስሊም ነጋዴዎች ስላሉን መታወቅ ያለበት፣ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ዋስ በመሆን ብቻ ክፍያ መቀበልን አይፈቅዱም፤ ለተሠራ ሥራ ዋጋ መቀበል ግን የተፈቀደ ነው፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ እስከሆነ ድረስ። ስለዚህ ክፍያው ለማፈላለጉ፣ ምልክቱን ለማጣራቱ፣ ምስክር ለመጥራቱ፣ ለመዘገቡ ይሁን። ጉዳዩ ዝርዝር ስላለው የሚያምኑትን ዐሊም ይጠይቁ። ነገር ግን «የታወቀ ዋጋ» የሚለው ላይ ክርክር የለም፤ «ያው እንደምታውቀው» የታወቀ ዋጋ አይደለም።

በእንስሳ፣ በመቶኛ፣ በቀን ወይስ በውጤት?

ከግዢ ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚከፈለው ወኪል ገዢ በጉ በተወደደ ቁጥር ያተርፋል። ለሻጭ ለሚሠራ ደላላ ይህ ተገቢ ነው፤ ለገዢ ለሚሠራ ግን ሰውየውን ከአሠሪው ጋር ያጋጨዋል። በእንስሳ ቁጥር ብቻ የሚከፈለው ይቸኩላል፤ 500ውን በአራት ቀን ሞልቶ ይሄዳል። በቀን የሚከፈለው ደግሞ አይቸኩልም። እንደ እኔ እምነት ለመራጭ የሚሻለው የተቀላቀለ ነው፤ ወለሉን የሚሸፍን ክፍል በጭነት ዕለት፣ ቀሪው በማቆያ በተቀበሉት በጎች ቁጥር። በምሳሌያችን 27,000 ሲጫን፣ 33,000 ከማቆያ በኋላ።

ይህን ሲዋዋሉ ግን በእጅዎ ያለውንና የሌለውን ይለዩ። ጥርስ፣ ዓይን፣ እግር፣ ክሳት በመራጩ እጅ ናቸው። በደም ምርመራ ብቻ የሚታወቅ በሽታ በእጁ አይደለም። የመንግሥት እገዳማ ከማንም እጅ ውጭ ነው። በፈረንጆች 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሳ ሳዑዲ ዐረቢያ የቀንዱን እንስሳ አገደች፤ ለበርበራ ያ በር እንደገና የተከፈተው በ2009 ነው። በዚያ ወቅት ሙሉ ክፍያውን በመድረስ ላይ ያሰረ ሰው ሥራውን ጨርሶ ባዶ እጁን በቀረ ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ፣ በጥርስና በሚታይ ጉድለት የተመለሰ ከክፍያዬ ይቀነስ፣ በደም ምርመራ፣ በመንገድ አደጋና በእገዳ የቀረ ግን እንደተቀበሉት ይቆጠር ተብሎ ይጻፍ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። የእሱ ክፍያ እንስሳው ጤነኛ ቢባልም ታመመ ቢባልም አንድ መሆን አለበት። «ካለፈ ይህን ያህል» የሚባል የሐኪም ክፍያ ጉቦ ነው፤ ማቆያው ላይ ሲገለጥ የሚከስረውም ጭነቱ ሁሉ ነው።

ብር ሲለዋወጥ

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በበግ 60 ብር የተስማማ መራጭ ከአንድ ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፤ ያንኑ 60 ብር ይዞ የቀጠለው ከ60 ሳንቲም በታች ወረደ። ደንበኛው በዶላር ወይም በሪያል ይሸጣል፤ መራጩ በብር ደርቆ ቀረ። በቶጎጫሌም ሆነ በሞያሌ ከድንበሩ ማዶ ለሚገኝ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ይህን ሊረሳ አይገባም።

የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ክፍያውን በበግ መናገር። «ከየመቶው የአንድ በግ ዋጋ» ቢባል፣ በጉ 12,000 ሲሆን በበግ 120 ብር ይመጣል፤ በጉ 15,000 ሲገባ 150። እንዲህ ሲባል ከላይ ያልነው የመቶኛ ችግር እንዳይመጣ፣ የበጉ ዋጋ የሚወሰደው እርስዎ ከገዙበት ሳይሆን ትዕዛዙ በተሰጠበት ቀን በገበያው ከነበረው ነው፤ ሁለታችሁም በዕለቱ የተስማማችሁበት አንድ ቁጥር። ክፍያው በዛድ፣ በኤም ፔሳ ወይም በባንክ ከመጣ የማስተላለፊያውንና የምንዛሪውን ወጪ ማን እንደሚችል አብሮ ይነገር። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። የዒድ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ «እንደ አምናው ጊዜ» ተብሎ የተያዘ ትዕዛዝ ሁለቱንም ወገን ያጣድፋል።

ሲነገር እንዴት ይሆናል?

አንድ ነጋዴ ከድንበሩ ማዶ መጥቶ በጅግጅጋ ገበያ ከወጣት መራጭ ጋር ተቀምጧል እንበል።

«ልጄ፣ ለ500 በግ ስንት ትላለህ?»

«ሐጂ፣ በበግ 120 ብር። መምረጡ፣ ምልክት ማድረጉ፣ እስኪጫን ከመንጋው ጋር መቆየቱ በውስጡ ነው።»

«ወላሂ በዛ! ሌላው በ40 ይሠራልኝ የለ?»

«እሱን አልነቅፍም፣ ሐጂ። እኔ ባለፉት ስድስት ትዕዛዞች ከመረጥኳቸው 2,300 በጎች በጥርስና በጉድለት የተመለሱት 24 ናቸው። ደብተሩ ይኸው፤ የተረካቢዎቹም ስልክ አለበት። የእርስዎ አምና ስንት ተመለሰ?»

«...ተመልሷል። 100 አድርገውና እንጨርስ።»

«በ100 ይሆናል። ግን መርጬ፣ ምልክት አድርጌ አስረክባለሁ፤ በጥበቃውና በጭነቱ ላይ የእርስዎ ልጆች ይቆማሉ።»

ወጣቱ ሲቀንስ ሥራውን አብሮ እንደቀነሰ ልብ ይበሉ። በዋጋው ብቻ ቢወርድ ኖሮ መጀመሪያ የጠራው 120 ውሸት ነበር ማለት ነው። ደግሞም ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ዝም አለ፤ ሐጂው ሳይመልሱ «ግን እንነጋገራለን» ብሎ በራሱ ላይ አልጨመረም። ሐጂው የአምናውን ስንት እንደተመለሰባቸው ያውቃሉ፤ ለዚያች ጥያቄ ጊዜ ያስፈልጋል።

ከተስማሙ በኋላ በዚያው ቀን አንድ ገጽ ይጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወሳል። የእንስሳው ዓይነት፣ ጾታና ዕድሜ፤ ቁጥሩ ከነመቻቻያው፣ ለምሳሌ ከ490 እስከ 510፤ የሚረከቡበት ቦታና ቀን፤ ክፍያው ስንት፣ በምን ገንዘብ፣ በየትኞቹ ሁለት ቀኖች፤ የተመለሰ በግ በየትኛው ምክንያት እንደሚቀነስ፤ የሚያምኑት አንድ ሽማግሌ በምስክርነት። በስልክ ከሆነ ይህንኑ በድምፅ መልእክት ልከው «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ያስቀምጡ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው መስመር ትዕዛዙ መሃል ላይ ቢቋረጥስ የሚለው ነው። መርከቡ ቀረ፣ ገዢው ገንዘብ አጠረው፣ 200 በግ ላይ «ይብቃ» ተባለ። ያን ጊዜ መራጩ አምስት ቀን ሠርቷል፣ ሌላ ደንበኛም በዚህ ምክንያት አልፎታል። ለተመረጡት 200 በጎች በስምምነቱ ዋጋ፣ ማለትም 24,000 ብር፣ ወይም ለተሠራው ቀን በቀን 3,000፣ ማለትም 15,000 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈላል ብሎ መጻፍ ፍትሐዊ ነው። ደንበኛው ይህን መስመር አልፈርምም ካለ፣ መነጋገሩ የሚሻለው በጎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ነው።